ተማሪው ያልተማከረበት መማሪያ፤ ከፕላዝማ እስከ ድረ ገጽ ያለው ታሪክና ለሰንዳፋ አካባቢ የሚሰጠው ትምህርት

ሀ. መግቢያ

የአገራችን የትምህርት ታሪክ ሲጻፍ በብዛት የሚቈጠረው ትምህርት ቤቱ፥ መምህሩና መጽሐፉ ነው። ትምህርት ቤቱ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደ ተከፈተ፥ ማን መርቆ እንደ ከፈተው፥ ስንት ተማሪ እንደ ተቀበለ በጥንቃቄ ይመዘገባል። «መማሪያው ሲሠራ ተማሪው ተጠይቋልን?» የሚለው ጥያቄ ግን ሲነሣ እምብዛም አይሰማም። የዚህ ዐጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ አንሥቶ ከቅርብ ዘመን ታሪካችን ውስጥ መልስ መፈለግ ነው።

ጥያቄው ዛሬ የተነሣበት ምክንያት አለው። ትምህርት ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ኮምፒዩተርና ወደ ስልክ እየተሻገረ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እንኳ በ2016 ዓ.ም. ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። በዚሁ ፈተና ከጠቅላላው ነጥብ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት ተማሪዎች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንግዲህ መማሪያው በደንብ ተሠራ አልተሠራ የሚለው ነገር የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የልጆች ዕድል ጉዳይ ሆኗል ማለት ነው።

በዚህ ጽሑፍ «የድረ ገጽ መማሪያ» የምንለው በኢንተርኔት አማካይነት በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ተከፍቶ ተማሪው የሚያነብበትን፥ የሚጠየቅበትንና የሚመልስበትን ፕሮግራም ነው። አሜሪካዊው ጸሐፊ ማርክ ፕሬንስኪ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት ጽሑፍ ኮምፒዩተር ባለበት ዓለም ተወልደው ያደጉትን ልጆች «የዲጂታል ተወላጆች»፥ በኋላ የደረሱበትን አዋቂዎች ደግሞ «የዲጂታል ስደተኞች» ብለው ሰይመዋል። ስሙ በብዙ አገር ቢለመድም በጥንቃቄ ልንቀበለው ይገባል። በዘመኑ መወለድ አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያውን በእጅ መያዝ ሌላ ነገር ነው። በአንድ ዓመት ከተወለዱ ሁለት ልጆች አንዱ የራሱ ስልክ ሲኖረው ሌላው የአባቱን ስልክ ማታ ለግማሽ ሰዓት ይለምን ይሆናል።

ምርመራችን ወደ መጨረሻው የሚያተኩረው በሰንዳፋና እንደ እርስዋ አዲስ አበባን ከበው በሚገኙት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ ላይ ነው። እነዚህ ከተሞች ለዋና ከተማው የቀረቡ ናቸው፤ ነገር ግን የሚሠራው ሁሉ መሐል ከተማ ተሠርቶ የሚደርሳቸው ስለ ሆነ ለጥያቄያችን የተመቹ ምስክሮች ናቸው።

ለ. ከፊደል ገበታ እስከ ቅኔ

ተማሪውን ማማከር ከውጭ የመጣ እንግዳ አሳብ እንዳይመስል ከጥንቱ ትምህርታችን እንጀምር። በቤተ ክህነት ትምህርት ልጅ በመጀመሪያ የሚይዘው ፊደል ገበታ ነው። በጭራሮ እያመለከተ «ሀ፥ ሁ፥ ሂ» እያለ ይቈጥራል። ይህን በቃሉ ሲይዝ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። በአቡጊዳ የፊደሉ ተራ ሆነ ተብሎ ተለውጧል፤ ይኸውም ልጁ ዜማውን ብቻ ይዞ ፊደሉን ሳይለይ እንዳያልፍ ነው። ይህን ያዘጋጀው ሊቅ ማንም ይሁን ማን፥ ልጅ በዜማ ውስጥ እንዴት እንደሚሸሸግ የሚያውቅ ሰው ነበር ለማለት እንደፍራለን። ዘዴው ከተማሪው ጠባይ የተቀዳ ነውና።

ደግሞም የኔታ ሁሉን ልጅ ብቻቸውን አያስተምሩም። ዳዊት የደረሰው ልጅ ፊደል ለሚቈጥረው ያስቈጥራል። በዚህ አሠራር ተማሪው ተቀባይ ብቻ አይደለም፤ ለታናሹ መምህር ነው፤ የሚያስቸግረውም የቱ ላይ እንደ ሆነ ከየኔታ ይልቅ የትናንቱ ጀማሪ ያስታውሳል።

ከሁሉም በላይ ግን ቅኔ ቤትን መመልከት ይገባል። በቅኔ ቤት የሌላውን ቅኔ በቃል መያዝ ብቻውን አያስመሰግንም። ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል፤ ቀጥሎም ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርሙታል። የዕለቱ ትምህርት ግማሹ ከመምህሩ፥ ግማሹ ከተማሪው የሚወጣ ነው። ያም ቢሆን ይህን ሥርዐት ያለ ልክ ማወደስ አይገባንም፤ አርጩሜው ብዙ ነበር፤ ከጥቂቶች በቀር ሴቶች ልጆችም አይገቡበትም ነበር። የምንለው፥ ተማሪ የመማሪያው ሠሪ ሊሆን ይችላል የሚለው አሳብ በአገራችን ሥር ያለው ነው፤ ይህን ያህል ብቻ ነው።

ሐ. በውጭው ዓለም አሳቡ እንዴት እንደ ተነሣ

ኮምፒዩተር ገና ክፍል የሚሞላ ዕቃ በነበረበት ጊዜ፥ እ.ኤ.አ. በ1967፥ ሲሞር ፓፐርት ከዋሊ ፎይርዛይግና ከሲንቲያ ሰለሞን ጋር ሆነው ሎጎ የሚባል ለልጆች የተዘጋጀ የኮምፒዩተር ቋንቋ አወጡ። ፓፐርት ቀደም ብለው በጄኔቫ ከፕሮፌሰር ዣን ፒያዤ ጋር ሠርተው ነበር። አሳባቸው ባጭሩ ሲነገር፥ ልጅ ኮምፒዩተሩን ይዘዝ እንጂ ኮምፒዩተሩ ልጁን አይዘዘው የሚል ነው። ከ5 ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1972፥ አለን ኬይ ልጅ በእጁ ይዞ የሚዞረው፥ እንደ ደብተር ያለ ኮምፒዩተር ሊሠራ እንደሚገባ ጻፉ። ዛሬ በየኪሱ የምናየው ዕቃ ያን ጊዜ በወረቀት ላይ ብቻ ነበረ።

በሌላ በኩል በስካንዲናቪያ አገሮች ጉዳዩ ከሠራተኞች ዘንድ ተነሣ። በኖርዌይ ክሪስተን ኒጎርድ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጆች አቈጣጠር) ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆነው፥ ወደ ፋብሪካው የሚገባው ኮምፒዩተር እንዴት ይሁን በሚለው ላይ ሠራተኛው ድምፅ እንዲኖረው ጥናት አካሄዱ። ከዚያ ወዲህ «በመሣሪያው የሚሠራበት ሰው በመሣሪያው አወጣጥ ላይ ይማከር» የሚለው ደንብ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ሆነ።

ሁለቱን አሳቦች ያገናኙት በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት አሊሰን ድሩይን ናቸው። እርሳቸው በ1990ዎቹ መጨረሻ ልጆችን ከአዋቂ ተመራማሪዎች ጋር በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጠው በወረቀት፥ በካርቶንና በቀለም ያሰቡትን መሣሪያ አምሳል እንዲሠሩ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተከፈተው ዓለም አቀፍ የልጆች ዲጂታል ቤተ መጻሕፍትም በዚህ መንገድ ተሠራ። በዚያው ዓመት ድሩይን ባሳተሙት ጽሑፍ ልጆች በመሣሪያ ሥራ ላይ ያላቸውን ቦታ በአራት ደረጃ ከፈሉት። በመጀመሪያው ደረጃ ልጁ ያለቀለትን ዕቃ ተቀብሎ ይሠራበታል፤ ሌሎች ይመለከቱታል። በሁለተኛው ሊያልቅ የደረሰውን ዕቃ ይፈትናል። በሦስተኛው ሥራው በሚካሄድበት ጊዜ እየተጠየቀ አሳቡን ይሰጣል። በአራተኛው ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ ከሠሪዎቹ ጋር እኩል ይሠራል።

ይህ አራት ደረጃ ያለው መለኪያ ለታሪክ ምርመራ የተመቸ ስለ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ የአገራችንን ሥራዎች እንለካበታለን።

መ. በኢትዮጵያ የተሞከረው

ወደ መሣሪያዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ቀደም ያለ ነገር እናስታውስ። በ1964 ዓ.ም. የትምህርቱን ሥርዐት ለማሻሻል «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ሰፊ ጥናት ተዘጋጀ። ባለሙያዎቹ ብዙ ደክመውበት ነበር። ነገር ግን የመምህራን ማኅበርና ሕዝቡ በቅጡ ሳይመክሩበት ቈይቶ ይዘቱ በተሰማ ጊዜ፥ የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ሊደረግ ነው የሚል ፍርሃት ተነሣ። መምህራን ከየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም አሳቡን በሥራ ላይ ማዋሉን አዘገየ። የዚያን ዓመት አብዮት ካስነሡት ምክንያቶች አንዱ ይህ እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ። ከዚህ የምንማረው፥ በውስጡ መልካም አሳብ ያለበት ጥናት እንኳ ባለጉዳዩን ሳይዝ ከተነሣ በባለጉዳዩ እንደሚወድቅ ነው።

ከ30 ዓመት በኋላ፥ በ1997 ዓ.ም. ገደማ፥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር። ሕዝቡ በመስኮቱ ዓይነት «ፕላዝማ» ብሎ ጠራው። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ተቀርጾ ከአዲስ አበባ ይሠራጭ ነበር። አሳቡ ግልጽ ነው፤ ጥሩ የፊዚክስ መምህር ያላገኘ የገጠር ልጅ ከከተማው ልጅ ጋር አንድ ትምህርት እንዲያገኝ ነው። ይሁን እንጂ ፕላዝማው ጥያቄ ጠይቆ ለመልሱ የተወሰነ ሰከንድ ብቻ ይሰጥና ያልፋል። «አልገባኝም፤ ይደገምልኝ» የሚል ልጅ የሚሰማው የለም። መምህሩ ከፊትና ከኋላ የተተወችለትን ጥቂት ደቂቃ ይዞ በገዛ ክፍሉ ታዛቢ ሆነ። መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ በዚያው አለፈ። በድሩይን መለኪያ ተማሪው የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ብቻ ቆሟል።

እ.ኤ.አ. በ2008 «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» በተባለው ድርጅት የወጡ 5,000 ያህል ነጭና አረንጓዴ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። ሥራውን የያዘው የኢትዮጵያና የጀርመን መንግሥታት በጋራ የሚያካሂዱት የኢንጂነሪንግ አቅም ግንባታ ፕሮግራም ነበር። ኮምፒዩተሮቹ በአዲስ አበባ ለዳግማዊ ምኒልክና ለአፄ ናዖድ፥ በአማራ ክልል ለሬማ፥ በኦሮሚያ ለሙሎሳዮ ትምህርት ቤቶች ተሰጡ። የተማሪው መጽሐፍም በውስጣቸው ተጫነ። ነገር ግን አጥኚዎች ቀርበው ሲመለከቱ፥ ልጆቹ ከመጽሐፉ ይልቅ ወደ ካሜራው፥ ወደ ሥዕሉና ወደ ጨዋታው አደሉ፤ መምህራኑም ኮምፒዩተሩ ክፍሉን ያውክብናል እያሉ አማረሩ። መምህሩ ዕቃውን ከልጁ በፊት አላወቀውምና ይህ የሚያስደንቅ አይደለም።

ታሪኩ ግን በዚህ አያልቅም። ኒና ሃንሰንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፥ ላፕቶፕ የተሰጣቸውን 200 ያህል ልጆች ካልተሰጣቸው 200 ያህል ልጆች ጋር አወዳደሩ። ላፕቶፕ የነበራቸው ልጆች ነገርን ከነገር በማመሳሰልና በየወገኑ በመመደብ ፈተና በልጠው ተገኙ። እንግዲህ አዋቂዎቹ «ጨዋታ» ብለው ከናቁት ነገር ውስጥ ትምህርት ነበረበት። ልጆቹ ቀድመው ቢጠየቁ ኖሮ መጽሐፉንና ጨዋታውን ማስታረቅ ይቻል ነበር ብለን እንገምታለን።

በ2004 ዓ.ም. ይኸው ድርጅት የበለጠ የሚያስገርም ሙከራ አደረገ። ትምህርት ቤት ባልነበረባቸው በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች ለልጆች ታብሌት ሰጠ፤ አስተማሪ ግን አልላከም። ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል ይሞሉ ነበር፤ አንድ ባለሙያ በየሳምንቱ እየሄደ የተጠራቀመውን መዝገብ ይዞ ይመለስ ነበር። ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አሜሪካ ውስጥ ሲናገሩ፥ አንድ ልጅ በ4 ደቂቃ ውስጥ ሣጥኑን ከፍቶ ታብሌቱን እንዳበራው፥ ልጆቹ በ5 ወር ውስጥ የተዘጋውን ካሜራ እንደ ከፈቱና የመስኮቱን መልክ እያንዳንዳቸው እንደ ወደዱ እንደ ለወጡት ገለጡ። ይህ አሳብ ሱጋታ ሚትራ እ.ኤ.አ. በ1999 በኒው ዴልሂ በግድግዳ ቀዳዳ ኮምፒዩተር አስቀምጠው ለሰፈር ልጆች ከተዉት ሙከራ ጋር ይዛመዳል።

«ዕወቅ ያለው ባርባ ቀኑ ያውቃል» የሚለው የአባቶች ተረት በወንጪ የተፈጸመ ይመስላል። ሆኖም ይህን ሁለት ጊዜ ማየት ይገባል። ልጆቹ የተዘጋውን በመክፈታቸው «መሣሪያው እንዲህ ቢሆን ይሻለናል» ብለው በሥራ ተናግረዋል። ነገር ግን በታብሌቱ ምን እንዲማሩ፥ በየትኛው ቋንቋ እንዲማሩ አልተጠየቁም። በቤታቸው ኦሮምኛ የሚናገሩ ልጆች ማንበብን በእንግሊዝኛ እንዲጀምሩ የተቈረጠው ከሩቅ ነው። ስለዚህ ከሁለተኛው ደረጃ አላለፉም።

በአንጻሩ ከአገር ውስጥ የወጣ ሌላ ሥራ አለ። የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበሩት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆነው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የአሻንጉሊት ትርኢት አዘጋጅተው ከ1999 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቀረቡት። እ.ኤ.አ. በ2008 ትርኢቱ የጃፓን ሽልማትን አገኘ። የኤሌክትሮኒክስ ዕቃው ቀላል፥ አሻንጉሊቷም ከካልሲ የተሠራች ነበረች። ኃይሉ፥ ሠሪዋ ከክፍል የወጡ፥ ልጅ የቱ ላይ እንደሚሥቅና የቱ ላይ እንደሚሰለች የሚያውቁ መምህርት መሆናቸው ነው ብለን እናምናለን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ፈጠነ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮሮና በሽታ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ትምህርት በሬዲዮ፥ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ወጣ። ቴሌግራም ለትምህርት ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ነገር ግን ተማሪዎች ራሳቸው ማስታወሻ፥ የቈየ ፈተናና ፎቶግራፍ የሚለዋወጡበት ስለ ሆነ ከተዘጋጁት መማሪያዎች ብዙዎቹን ቀደማቸው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ደግሞ መንግሥት ከተባበሩት የዐረብ ኤምሬቶች ጋር ሆኖ 5 ሚሊዮን ወጣቶችን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ለማስተማር የሚያስብ ሥራ ጀመረ። እንግዲህ ፕሮግራም ጻፊው ሊበዛ ነው። ለማን እንደሚጽፍ፥ ማንን ጠይቆ እንደሚጽፍ ግን ገና ይቀራል።

ሠ. ሰንዳፋና አካባቢዋ

ሰንዳፋ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። ሰበታ በጅማ፥ ቡራዩ በአምቦ፥ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ ላይ ናቸው። አራቱ የዋና ከተማው በሮች ናቸው ማለት ይቻላል። ሰበታ፥ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃለዋል። ዋና ከተማው ከሰንዳፋ መንገድ ከለገዳዲ፥ ከቡራዩ በኩልም ከገፈርሳ ውሃ ይጠጣል።

ሰንዳፋ ሳያማክሩ መሥራት ምን እንደሚያስከትል የምታውቅ ከተማ ናት። የአዲስ አበባ አስተዳደር በብዙ ገንዘብ ያሠራው የዘመናዊ ቈሻሻ ማስወገጃ በሰንዳፋ አጠገብ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። የአካባቢው ገበሬዎች ሽታው በረታብን፥ ውሃችን ተበከለ፥ በቅጡም አልተማከርንም ብለው ተነሡ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ሥራው ቆመ። ቈሻሻው ወደ ጥንቱ ቆሼ ተመለሰ። በመጋቢት ወር 2009 ዓ.ም. የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። አንዱ የሌላው ብቸኛ ምክንያት ነው አንልም። ነገር ግን ምክክርን እንደ ትርፍ ወጪ የሚቈጥር ሰው ይህን ታሪክ ቢያስብ ይጠቀማል።

የድረ ገጽ መማሪያ ሰው አይገድልም፤ ነገር ግን ልጅን ሊያስቀር ይችላል። በሰንዳፋ የሚማር ልጅ ያለበትን ሁኔታ እንመልከት። ከ1986 ዓ.ም. የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ አንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጣል። ስለዚህ በአንድ ሰፈር አንዱ ልጅ በኦሮምኛ በቁቤ፥ ሌላው በአማርኛ በፊደል ይማራል፤ ሁለቱም ወደ ላይ ሲወጡ በእንግሊዝኛ ይገናኛሉ። በአንድ ስልክ ላይ ሦስት ቋንቋና ሁለት ዐይነት ጽሕፈት አለ ማለት ነው። መሐል ከተማ ተቀምጦ በአንድ ቋንቋ የሚያስብ ፕሮግራም ጻፊ ይህን አያስተውለውም።

ዝርዝሩ የበለጠ ያስረዳል። በቁቤ አናባቢው ሲደገም ትርጉሙ ይለወጣል፤ «ለፈ» መሬት ነው፥ «ላፋ» ግን ለስላሳ ነው። የተደገመውን ፊደል እንደ ስሕተት ቈጥሮ የሚያርም ስልክ ትክክለኛውን መልስ ያበላሻል። በአማርኛ ደግሞ «ፀሐይ»፥ «ጸሐይ» እና «ጸሀይ» ሲነበቡ አንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ሲመዘገብ ግን እያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቍጥር ተሰጥቶታል፤ ይህም የሚገባ ነው። ስለዚህ መልስን ፊደል በፊደል የሚያመሳክር ፕሮግራም፥ ትምህርቱን ያወቀውን ልጅ «ተሳስተሃል» ይለዋል። ፈተናው በ8 ሰዓት ነው የሚል ማስታወቂያም አለ፤ ጧት ነው ወይስ ከቀትር በኋላ? በእኛ አቈጣጠርና በፈረንጆቹ መካከል የ6 ሰዓት ልዩነት አለና ልጁ ፈተናው ካለፈ በኋላ ይደርሳል።

ስልኩም የብዙ ጊዜ የእናት ወይም የአባት ነው፤ ማታ ብቻ ይገኛል፤ የኢንተርኔት ጥቅሉም የተለካ ነው። ተንቀሳቃሽ ሥዕል የበዛበት መማሪያ ትምህርቱ ሳይጀመር ጥቅሉን ይጨርሳል። መብራት በተቋረጠ ቍጥር የተመለሰውን ሁሉ የሚያጠፋ ፕሮግራምም ልጁን ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል። በሰበታ ደግሞ ዝነኛው የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት አለ። ዓይነ ሥውር ተማሪ ድረ ገጽን የሚያነበው ጽሑፉን በድምፅ በሚለውጥ ፕሮግራም ነው፤ ሥዕሉ በቃል ካልተገለጠ፥ ቍልፉም ስም ከሌለው ገጹ ለእርሱ ዝግ በር ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ማን ነው? ልጁ ነው። ከእርሱ ሌላ በሙሉ የሚያውቀው የለም።

ረ. ስለ ተቃውሞዎቹ

አንዳንድ ሰዎች «ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው አያውቅም፤ ቢጠየቅ ጨዋታ ይላል» ይሉ ይሆናል። እውነት ነው፥ ልጅ የአልጀብራን ቅደም ተከተል ሊወስን አይችልም። የትምህርቱን ይዘት መምህር ይወስናል። ነገር ግን የቱ ላይ እንደሚደናገር፥ የትኛው ቃል እንደማይገባው፥ መቼና በማን ስልክ እንደሚያጠና ከመምህሩ ይልቅ ያውቃል። ሁለቱ ዕውቀት የተለያየ ነው፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። በቅኔ ቤትም ሕጉ የመምህሩ ነው፤ ቅኔው ግን የተማሪው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የገንዘብና የጊዜ ነው። ልጆችን ሰብስቦ መሥራት እንደሚያዘገይ አንክድም። ዳሩ ግን ያለቀለትን ሥራ መልሶ ማፍረስ የበለጠ ያስከፍላል፤ ከላይ የዘረዘርናቸው ሥራዎች ይህን ያስረዳሉ። ደግሞ መጀመሪያው ወረቀት፥ እርሳስና ካርቶን እንጂ ውድ ዕቃ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ነው። ልጅ አዋቂ ባለበት እውነቱን አይናገርም፤ «እንዴት ነው?» ሲባል «ጥሩ ነው» ብሎ ዐይኑን መሬት ላይ ይተክላል። በጨዋ ልጅ አስተዳደግ ታላቅን መቃወም ነውር ነውና። ይህ የስካንዲናቪያንና የአሜሪካን ዘዴ እንዳለ መቅዳት እንደማይበቃ ያሳያል። በእኛ አገር መፍትሔው ከገዛ ልማዳችን የሚገኝ ይመስለናል፤ ልጁ ለእኛ ከሚናገር ለታናሹ ያስተምር። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የአራተኛ ክፍሉን ልጅ በዚያ ገጽ ሲያስተምረው ዝም ብለን ብንመለከት፥ ታላቁ «ይህን ተወው፤ በዚህ በኩል ግባ» ሲለው ጕድለቱ በግልጥ ይታያል። ማንም ታላቁን አልተቃወመም፤ እውነቱ ግን ወጥቷል።

ሰ. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመረመረው ሦስት ነገር ያስተምረናል። አንደኛ፥ ከፕላዝማ እስከ ወንጪ ታብሌት የመጡት መሣሪያዎች በአሳብ የከፉ አልነበሩም፤ ጕድለታቸው ልጁን ከመጨረሻው በር ላይ መቀበላቸው ነው። ሁለተኛ፥ ልጆቹ ባልተጠየቁበት ጊዜ እንኳ ካሜራውን በመክፈት፥ መጽሐፉን ትተው ወደ ሥዕሉ በማዘንበል፥ በቴሌግራም በመሰባሰብ መልስ ሰጥተዋል። ሦስተኛ፥ «የዲጂታል ተወላጅ» የሚለው ስም የሰንዳፋን ልጅ ሁኔታ አይገልጥም፤ ቋንቋው፥ ፊደሉ፥ ሰዓቱና የስልኩ ባለቤት ተለይተው ሊታወቁ ይገባል።

ስለዚህ ለባልንጀሮቻችን ተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን የምናቀርበው አሳብ ይህ ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለመመረቂያ የሚሠሩት መማሪያ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ፥ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከልጆች ጋር ቢሠራ፤ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎችም አብረው ቢሄዱ፤ የወላጅና የትምህርት ቤቱ ፈቃድ አስቀድሞ ቢጠየቅ፤ የልጆቹ ስምና ፎቶግራፍ በአደባባይ ባይወጣ፤ ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ለልጆቹ ተመልሶ ቢሰጥ። የመጨረሻው ቀላል ይመስላል፥ ግን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው እርሱ ነው። አጥኚ መጥቶ ጠይቆ ሲሄድ፥ የተጠየቀው ሰው መልሱ የት እንደ ደረሰ ሳያውቅ መቅረቱ በገጠራችን የተለመደ ነውና።

በ1950ዎቹ መጨረሻ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በብሔራዊ አገልግሎት ደንብ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየሄዱ ያስተምሩ ነበር። ብዙዎቹ ከሰጡት ይልቅ የተማሩት እንደ በለጠ ጽፈዋል። ወደ ሰንዳፋ ለመድረስ ዛሬ አንድ ሰዓት የሚያህል መንገድ ይበቃል።